ቅቤ የጠጣችው ሞተር

መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ሮቤ ውስጥ ጎማ ለጣፊ ነኝ፤ ከፊደል ጋር ያለኝ ትውውቅ ከሩቅ ሰላም የመባባል ያህል ነው። መጻፍ የሚገባው ሰው ሞልቶ እኔ እስክሪብቶ ማንሳቴ እጄን ራሱ አስደንግጦታል። ግን አሊዪ የሚባለው የአይሱዙ ሹፌር ይህን ነገር በየሻይ ቤቱ እያጣመመ ሲያወራ ሰማሁና ሆዴ አልችል አለ። የተሳሳትኩት ካለ አንባቢ በልቡ ያቅናልኝ። ጮክ ብሎ ግን አያርመኝ፣ አፍራለሁ።

ነገሩ የሙህዲን ነው።

ሙህዲን የኮምባይነር መካኒክ ነው። ስንዴ ሲደርስ ባለኮምባይነሩ ሁሉ እናቱ የጠፋችበት ይመስል “ሙህዲን የት አለ?” እያለ ከተማውን ያምሳል። ኮምባይነር ግን እንደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው፤ ሙህዲን ደግሞ መፍጠን ያምረዋል። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ሰው የውድድር መኪናውን ወደ ባሌ አምጥቶ፣ ዲንሾ ላይ ሞተሯ ነክሳበት፣ ማለት ውስጧ ተጣብቆ አልዞርም ብላበት፣ መንገድ ዳር አቁሟት ሲያለቅስ ሙህዲን ደረሰለት። የመኪናዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ ሁሉ የሰው እንጂ የፋብሪካው አይደለም። ሙህዲን ባጃጁን ሰጠና መኪናዋን ወሰደ።

ሚስቱ ሳቢሪን በር ላይ ቆማ አየችውና፣ “የሚሄድ ባጃጅ ሰጥተህ የማትሄድ መኪና አመጣህ?” አለችው።

“ቱርቦ አላት።”

“ቱርቦ ይበላል?”

“አይበላም፤ አየር ይገፋል።”

“አየር መግፋቱማ አንተንም አላቃተህም።”

ሙህዲን ሞተሯን አወረደ፣ ፒስተን ለወጠ፣ ገጠመ፣ አስነሳ። አዲስ የተሠራ ሞተር መጀመሪያ ቀስ ተብሎ መለማመድ እንዳለበት ያውቃል፤ ለሰው ሁሉ ይመክራል። እጁ የለመደው ግን ኮምባይነር ነው፣ ኮምባይነር ደግሞ ማሳ ከገባ ሙሉ ጋዝ ነው። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ላይ እስከ መጨረሻው ረገጣት። እንደ ጥይት ወጣች። ጎባ ሳትደርስ እንደ በሬ አጓራችና ነከሰች። የውድድር መኪናዋ በፈረስ ጋሪ ተጎትታ ገበያ መሀል ለመሀል ተመለሰች፤ ፈረሱ ራሱ ያፈረ ይመስል ነበር።

ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ለመረዳት አማቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በእኛ በኩል በድሮው ወግ አማችና አማት ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ስም አይጠራሩም። ዛሬ ብዙው ሰው ትቶታል፤ አማቱን አቅፎ ፎቶ የሚነሳም አለ። የሳቢሪን እናት ግን የጎሮ ሴት ናቸው፤ አልተዉትም። ስማቸው ዳቢሴ ነው፤ በአክብሮት አዴ ዳቢሴ እንላቸዋለን። እኔ አማቻቸው ስላልሆንኩ መጥራት ይፈቀድልኛል። ሙህዲን ሲመጡ ከሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እሳቸውም ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። እንዲህ ተከባብረው፣ ሳይተያዩ፣ ዘመናት ኖረዋል።

ሙህዲን ሞተሯን ለሁለተኛ ጊዜ ሠርቶ የጨረሰ ለታ አዴ ዳቢሴ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጡ። ሆዷ ተከፍቶ የተዘጋች ሞተር መኖሯን ሰሙ። “አራስ ናት በሉኛ!” አሉ። ቅቤ የሞላ ቅላቸውን ይዘው ገቡ። ሙህዲን እንደ ወጉ ኮቱን በራሱ ላይ ጥሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከኋላው ጭልፕ፣ ጭልፕ የሚል ድምፅ ሰማ። “ብይ ልጄ፣ ብይ” ይላሉ። ሙህዲን ላይ ላዩን የሚቀቧት መሰለው። አራስ ደግሞ ላይ ላዩን ብቻ አትቀባም፤ ትበላለች እንጂ። አዴ ዳቢሴ የዘይት መጨመሪያውን ቀዳዳ አፏ ነው ብለው እፍኝ በእፍኝ አጎረሷት።

የሮቤን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውጪ ያደረ ቅቤ ድንጋይ ነው። ሙህዲን በጠዋት ሲያስነሳት ታች ያለውን የዘይት ወንፊት ቅቤው ደፍኖት ዘይት አልወጣም። ሞተሯ ኳ ኳ አለች። ውስጧ ሲግል የቀረው ቅቤ ቀለጠና ጭሱ መንደሩን ሞላው፤ ሽታው ጨጨብሳ፣ እልም ያለ ጨጨብሳ! ሕፃናት ሳህን ይዘው ወጡ። ጎረቤታቸው ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበርና፣ አፍንጫቸውን ይዘው “በጾም ቀን ማነው የሚፈታተነኝ?” ብለው በአጥር ላይ ተቆጡ። አሊዪ አይሱዙውን አቁሞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሙህዲን ስም “ጨጨብሳ” ሆነ።

ሙህዲን ሞተሯን ፈትቶ ወንፊቱን ለሳቢሪን አሳያት። “እናትሽ ሞተሬን ቅቤ አበሏት!”

“ወዳህ ነው።”

“ቢጠሉኝስ ምን ሊያበሏት ነበር?”

“እንግዲህ ንገራት።”

“በየት በኩል? በጀርባዬ?”

“እኔማ አልነግራትም። ቅቤዋን የመለስኩባት ቀን ‘ወለድኩሽ’ አትለኝም።”

ሳይነገር ቀረ። አዴ ዳቢሴ ሞተሯ መሞቷን ብቻ ሰሙና ዓይን ነው አሉ። ዓይኑም የአሊዪ ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት “አቤት ስታምር!” ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዩት ቁጥር “ቱ! ቱ!” ይሉበታል፤ እሱም አይሱዙውን ከሩቅ ያዞራል።

እነሆ ዘንድሮ ሦስተኛው ሆነ። መኸር ነው፤ እብቁና አቧራው ሰማይ ቤት ገብቷል። ንጹሕ የሲሚንቶ ወለል ያለው አንድ ክፍል መኝታ ቤቱ ብቻ ነው። ሙህዲን አልጋውን ፈታ፣ መስኮቱን በላስቲክ ለጠፈ፣ ሞተሯን አስገባ። እሱና ሳቢሪን ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። ፒስተኖቹ ኮሞዲኖ ላይ ከሽቶዋ አጠገብ ተሰለፉ፣ ብሎኖቹ በገላ መታጠቢያ ሳፋ ታጠቡ። እጁን ሳይታጠብ አንድ ፒስተን አይነካም። “ለሶላት እንዲህ ታጥበህ ብታውቅ ኖሮ” ትላለች ሳቢሪን፣ “ይሄኔ ወሊ ሆነህ ነበር።”

አንድ ቀን በር ላይ ቆመች። ዛሬ አልቀለደችም።

“ሐሙስ ኢብቲሳም ትዳራለች” አለች። ኢብቲሳም ታናሽ እህቷ ናት። “የጎሮ ዘመድ የሚያድረው እዚህ ክፍል ነው። እስከዚያ ይቺ ብረት ጎባን አልፋ ሰነቲ ተራራ ወጥታ ካልተመለሰች ቆራሌው ይወስዳታል፣ መኪናዋንም ጭምር።”

“ሳቢሪን...”

“ወላሂ ብያለሁ!”

ሙህዲን ወላሂ ያለችውን አስቀርታ እንደማታውቅ ያውቃል። ቆራሌው ሞተሯን በመዶሻ ሲሰብራት፣ አሊዪ ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ ታየው። አራተኛ ዕድል የለም። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ የሚያርፍባቸውን ቀጫጭን ብረቶች ደጋግሞ ለካ፤ የዘይቱን መሄጃ አንድ በአንድ በአፉ እየነፋ አየር ማለፉን አዳመጠ። አንድም ብሎን በቁጣ አላጠበቀም። ጨረሰ። የቀረው ጠዋት ከጎረምሶች ጋር አውጥቶ መኪናዋ ላይ መግጠም ነው።

የዘይቱን ክዳን ፈትቶ በጨርቅ ሲያጸዳ ውጪ ሚኒባስ ቆመ።

“ሳቢሪን!” አለ የሚያውቀው ድምፅ። “ያቺ አራስ ደህና ናት? ባለፈው አንሶባት ነው፤ ዘንድሮ ጨምሬ አመጣሁላት!”

ሙህዲን ዞር ዞር አለ። በሩ ተይዟል፣ መስኮቱ በላስቲክ ታሽጓል። ለአቧራ መከላከያ ያስቀመጠውን አንሶላ ጎትቶ ተከናነበና ክዳኑን እንደያዘ ጥግ ገባ። አዴ ዳቢሴ ሻሻቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ገቡ። ቅሉ ባለፈው ካመጡት ይተልቃል። ሞተሯ መሀላቸው፣ አፏን ከፍታ።

ቅሉ ሲከፈት ሰማ። ዝም ቢል ሞተሯ ሞተች። ቢናገር ወጉ ፈረሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

“አንቺ ሞተር!” አለ ከአንሶላው ውስጥ።

አዴ ዳቢሴ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

“አንቺ ሞተር፣ እንግዳ መጥቶልሻል፤ እግር ስለሌለሽ ነው እንጂ ተነሺ እልሽ ነበር።”

አዴ ዳቢሴ ትንሽ አሰቡና ወደ ሞተሯ ጎንበስ አሉ። “አንቺ ሞተር፣ አከም ጂርታ? ያ ባለቤትሽ በደንብ ይዞሻል?”

“አንቺ ሞተር፣ ደህና ነኝ በያቸው። ግን ያለፈው ምግብ ሆዴን ነፋኝ በያቸው።”

“አንቺ ሞተር! ምን በልተሽ?”

“ጥሩ ነገር ነው የበላሽው። የፍቅር ነው። ግን የሮቤ ብርድ አረጋው፣ ጉሮሮሽም ጠባብ ነው...”

በሩ ላይ የቆመችው ሳቢሪን የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንፈራገጣለች።

አዴ ዳቢሴ ቅሉን መሬት አስቀመጡ።

“አንቺ ሞተር” አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። “የገደልኩሽ እኔ ነኝ?”

ይሄን አላሰበውም ነበር። “አንቺ ሞተር፣ አይደሉም በያቸው! መጀመሪያ የገደልኩሽ እኔው ነኝ። እሳቸው ወደውሽ ነው፣ እኔ ጠግቤ ነው።”

“ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም? ይኸው ስንት ጊዜ ሙሉ ያንን ምስኪን አሊዪን ስተፋበት! ያ አላህ! ምራቄን ጨረስኩኝ እኮ!”

ሳቢሪን ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቷም ሳቃቸው መጣ፤ አንሶላውም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“እና የት ልቀባሽ?” አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። “ይዤማ አልመለስም።”

“ሰነቲ ደርሰሽ ስትመለሺ፣ ውጪ ውጪውን ይቀቡሽ። ልክ የለውም በያቸው።”

“እሺ በይው። ግን እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሁለት ጊዜ ሞተሻል፤ ብቻሽን አለቅሽም።”

ሙህዲን አንሶላው ውስጥ ሳቁ ቀጥ አለ።

በማግስቱ ሞተሯ ተገጠመች፣ ተነሳች፣ አላጨሰችም። አዴ ዳቢሴ ከኋላ፣ ቅሉ ጭናቸው ላይ። ሳቢሪን ከፊት። ሙህዲን በመስታወት እንዳይተያዩ የውስጡን መስታወት ወደ ጣሪያው ገለበጠው። ከሮቤ ሲወጡ አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ቱርቦዋ ታፏጫለች። እግሩን በላው።

“አንቺ ሞተር” የሚል መጣ ከኋላ፣ “ቀስ በይ። ቅቤው ይደፋል።”

አማትን እምቢ አይባል። የውድድር መኪናዋ እንደ ሰርገኛ በቅሎ ሄደች። ጋሪ ልታልፋቸው ሞከረች። ከዚያ ጥሩምባ እየነፋ በግ የጫነው የአሊዪ አይሱዙ ደረሰ።

“ጨጨብሳ! ፍጠን እንጂ፣ ሰርጉ ያልፍሃል!” አለና አለፋቸው። በጎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩት።

ሙህዲን ጥርሱን ነከሰ፤ ከሞተሯ እሱ ቢነክስ ይሻላል።

ጎባ ላይ አሊዪን ሻይ ቤት በር ላይ አገኙት። አዴ ዳቢሴ መኪናዋን አስቁመው ወረዱና እጃቸውን ዘርግተው ወደሱ ሄዱ። “ልጄ አሊዪ፣ አፉ በለኝ” ሊሉት ነው። አሊዪ ግን ሲመጡ ብቻ ነው ያየው። ብርጭቆውን ጥሎ በጓሮ በር ሮጠ። አሊዪ ሲያወራ ይህችን ዘሎ ነው የሚያወራው፤ ለዚህ ነው እኔ የጻፍኩት።

ከጎባ በላይ ዳገቱ ነው። ጫካው አለቀ፣ ጭጋጉ መጣ፣ ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ገባ። ሙህዲን ጆሮውን ሞተሯ ላይ ተክሎ ነው የሚነዳው። ኳ የምትል ነገር የለችም። ሰነቲ ሜዳ ላይ ሲወጡ አንድ ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቆማ አየቻቸውና አላስደነቋትም፤ አይጧን ፍለጋ ሄደች። ሙህዲን ሞተሯን ሳያጠፋ አቆመ። እየተነፈሰች ነው፤ ዝም ብላ፣ ልስልስ ብላ። በመጀመሪያው ጊዜ ያጣው ይሄ ነበር፤ ቀስ ማለት።

“አንቺ ሞተር” አሉ አዴ ዳቢሴ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ “ልጄን የሰጠሁት ሰው ጎበዝ ነው በይው።”

ሙህዲን ማርሽ አስገባና፣ ቀስ ብሎ፣ ቁልቁል ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ሮቤ ሲገቡ ሳቢሪን ገብታ የአልጋውን እግሮች ራሷ መግጠም ጀመረች። አዴ ዳቢሴ ደግሞ ቃላቸውን ጠበቁ። ልክ የለውም ተብለዋል፤ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን፣ የፊት መስታወቱን፣ የበር እጀታውን፣ የታርጋውን ቁጥር ሳይቀር ቀቡት። ቅሉ ባዶውን ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ሙህዲን በአልጋው ላይ ነቃ። ወጣ ሲል ውርጭ ወርዷል፤ መኪናዋ ነጭ ሆና ደርቃለች፣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ የኋላ መከላከያዋን ይልሳል። ውሾቹን አባረረ። ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን ክዳን ፈታና ውስጡን አሸተተ፤ ዘይት ዘይት ብቻ ነው የሚሸተው። ክዳኑን መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ከቤት ቢላዋና ትኩስ ዳቦ አመጣ፣ ከፊት መስታወቱ ላይ ቅቤውን በሹፌሩ በኩል ብቻ ፋቀ፣ ዳቦው ላይ ቀባና ኮፈኑን ተደግፎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ በላ፤ አማቱ በር ላይ ቆመው ነበርና።