ሦስተኛው ሣጥን

ቼንሳን የማያውቅ ሰው በእኛ መንገድ አልነበረም። በትንሿ ደሴታችን፣ ናዱር በምትባለው መንደር፣ ከደብሩ ጀርባ ባለችው ቁልቁለት፣ እኔና እሷ ፊት ለፊት ነበር የምንኖረው። የእኔ ጣሪያ ከእሷ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር ኑሮዋ እንዳለ ይታየኛል። ወሬኛ ነሽ ካላችሁኝ አዎ ነኝ። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥናችን የሚያሳየን ከጣሊያን የሚመጣውን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ይልቅ የቼንሳ ጣሪያ ይሻላል።

አጭርና ወፍራም ነበረች፤ ምላሷ ግን ቀጭንና ስል። እንደ ብዙዎቻችን ጥንቸሎቿን የምታረባው ጣሪያዋ ላይ ነው። ሣጥኖቹን ባሏ ሊያንድሩ ከአሮጌ በሮች ሠርቷቸው ስለነበር አንዳንዱ ላይ የበሩ መያዣ ሳይነቀል ቀርቷል። እጇ ይጣፍጣል። በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀን ጥንቸሉን በወይን ጠጅና በነጭ ሽንኩርት ስትሠራው ሽታው ቁልቁለቱን ሁሉ ይሞላዋል፤ እኛም ሳንጠራ ሳህን ይዘን በሯ ላይ እንቆማለን። አንድ ጊዜ ከዋናው ደሴት የመጣች እንግዳዬ ግልገሎቹን አይታ፣ ሲያምሩ ብትላት፣ ቼንሳ ቀና ሳትል፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ደግሞ ይበልጥ ያምራሉ ብላ መለሰችላት።

ሊያንድሩ አንድ የበልግ ጠዋት እርሻው ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። ቼንሳ ጥቁሯን ለበሰች፣ ለለቀስተኛው ቂጣና አይብ አቀረበች፣ ወንበር አስተካከለች። አንዲት ዘለላ እንባ ግን አላፈሰሰችም። መንደራችን መቼም አይተኛም፤ ቀድሞም አትወደውም ነበር የሚሉ አልጠፉም። ከዚያ ወዲህ ስሙን ከአፏ የሰማ የለም። ሰው ሊያንድሩ ብሎ ሲጀምር ወጥ ማማሰል ትጀምራለች።

ከእሷ ጣሪያ አጠገብ፣ ጉልበት በሚያህል ግንብ የተለየው የኒኮል ጣሪያ ነው። ኒኮል የጀልባ ቀለም ቀቢ ነበር፤ መልከ መልካምና ቶሎ የሚከፋው ልጅ። ለእጮኛው አንዲት ነጭ፣ ፀጉረ ረጅም ጥንቸል ገዛላት፣ ለመብል ሳይሆን እንዲያው ለመታቀፍ። ልጅቷም ለጥቂት ወራት ታቀፈቻት። ከዚያ ከወላጆቿ ጋር ወደ አውስትራሊያ ሄደችና እሱንም ጥንቸሏንም ረሳች። ኒኮል የጥንቸሏን መልክ ማየት ስላቃተው በብርቱካን ሣጥን አድርጎ ጣሪያ ላይ አወጣት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ትዝ ሲለው የዳቦ ቅርፊት ይወረውርላታል፣ ትዝ ካላለው የለም።

ሰኔ ሲገባ የእኛ ጣሪያ የሚጋገርበት ምድጃ ነው። እኔም ሣጥኑን አይቼ ነበር፤ የሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቼንሳ ግን አንድ ቀን ቀሚሷን ሰብስባ ግንቡን ስትሻገር አየኋት። ሣጥኑን ከፍታ ብዙ ቆየች። የጥንቸሏ ፀጉር ከገዛ ኩሷ ጋር ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ሆኖ ነበር፤ ጥፍሮቿ ተጠማዘዋል፤ ጣሳው ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ አልነበረም። ቼንሳ ወረደችና የኒኮልን በር ደበደበች። መስኮቴ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጣሪያ ላይ ያለችው ያንተ ናት?»

«የማንም አይደለችም። ውሰጃት፣ እትዬ ቼንሳ። ትንሽ ከቀለብሻት ለበዓሉ ትደርስልሻለች።»

«አንተ የበደልካትን እኔ አልበላም» አለችውና በሩን ራሷ ዘጋችበት።

ፀጉሩ የሚፈታ አልነበረም፤ በመቀስ እስከ ቆዳዋ ድረስ ሸለተቻት። ያቺ የእቅፍ ጥንቸል የተነጨች ዶሮ መሰለች። ሳቄ አመለጠኝ። ቼንሳም ቀና ብላ፣ ሳቂ፣ ሳቂ፣ አንቺም ፀጉርሽን ካልተሠራሽ ከዚህ አትሻዪም አለችኝ። ጥፍሯን ቆረጠችላት፤ እርጥብ ጆንያ ጣለችላት፤ ከዚያም በጥላው በኩል ካሉት ሦስት ሣጥኖች በአንደኛው አስገባቻት። እነዚያ ሦስት ሣጥኖች ሊያንድሩ ለበዓል ብሎ የሠራቸው ናቸው። ለጴጥሮስ ወጳውሎስ የተመረጡ ጥንቸሎች ከሌሎቹ ተለይተው እዚያ ይገባሉ፤ ድርቆሹም ገብሱም ጥላውም የተሻለው ለእነሱ ነው። በዚያ ዓመት በሁለቱ የበዓሉ ጥንቸሎች ነበሩ፣ በሦስተኛው በሽተኛዋ ገባች።

መጀመሪያ አልበላ አለች። ቼንሳ የካሮት ቅጠል አፏ ላይ ይዛ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓት ነው እንግዲህ ያንን ነገር የሰማሁት። ቼንሳ ለጥንቸሏ ታወራላታለች። ስለ ቲማቲሙ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ሊያንድሩ፤ ሳሉን፣ ሲያኮርፍ ካልሲውን የሚጥልበትን ቦታ፣ ያን ጠዋት ቡናውን ሳይጨርስ መውጣቱን። ልብሱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ጥንቸል ብትሞት ቼንሳ እንደገና አፏን እንደምትዘጋ፣ ሁለተኛም እንደማትከፍተው ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ ጓሮ ቅጠል እየቀጠፍኩ ከጣሪያዬ ወደ ጣሪያዋ እወረውርላት ጀመር። ጥንቸሏም በላች። ፀጉሯም ጣት በማይሞላ ቁመት፣ ልክ እንደማንኛውም ጥንቸል ሆኖ በቀለ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለቼንሳ የሚያርድላት የሊያንድሩ ታናሽ ወንድም ዊስቲን ነበር። በዓመት አንዴ፣ እሷ ቅዳሴ ላይ ሳለች፣ በራሱ ቁልፍ ገብቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቃታል። ማንም ምንም አይነግረውም፤ ምን ይነግረዋል? ተለይቶ በጥላው ሣጥን የተቀመጠ፣ ጥሩ የበላ ጥንቸል ለምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

እኔ ጣሪያ ላይ ስወጣ ሁለቱን ጨርሶ ሦስተኛውን ሣጥን እየከፈተ ነበር። ዊስቲን፣ ተው ብዬ ጮኽኩ። ግን ከደብሩ ርችት ይተኮሳል፤ በእኛ በዓል ጠዋት አንድ ሰው ቢጮህ የሚሰማው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ወደ ታች ሳይ ቼንሳ ከቅዳሴ እየወረደች ነው። ድምፄ እንደማይደርስ አውቄ እጄን ወደ ጣሪያዋ ዘረጋሁላት። አንዴ አየችኝ፤ ገባት። የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን መንገድ ላይ ጥላ ሮጠች።

ቼንሳ ስትወጣ ዊስቲን የጥንቸሏን የኋላ እግሮች ይዞ፣ እጁን አንሥቶ ነበር። እሷም ትንፋሽ አጥሯት በሩን ተደግፋ ቆመች። ርችቱ ጋብ ባለበት ቅጽበት ሰማኋት።

«እሷን ተዋት።»

«ምነው፣ ታማለች እንዴ?»

«ስም አላት።»

በእኛ ዘንድ ስም ያለው እንስሳ ድስት ውስጥ አይገባም። ለዚህ ነው እናቶቻችን፣ ስም እንዳታወጡላቸው እያሉ የሚቆጡን የነበረው። ቼንሳ ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉ ለአንድም ጥንቸል ስም አውጥታ አታውቅም፤ ዊስቲንም ያንን ያውቃል። እጁን ዝቅ አደረገና አያት።

«ማን ትባላለች?»

ቼንሳ ጥንቸሏን አየች። ያላሰበችበት መሆኑ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር።

«ሊያንድሩ።»

የወንድሙን ስም ለጥንቸል! ይጣላታል፣ ሁለተኛም እዚህ ቤት አይመጣም ብዬ ፈራሁ። ዊስቲን ግን ጥንቸሏን ቀስ ብሎ አቀና፣ ሆዷን አየት አደረገ።

«ሴት ናት እኮ» አለ።

«አውቃለሁ» አለች፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የጥንቸል ለቅሶ አልነበረም። በቀብሩ ቀን ልታለቅሰው የሚገባትን ነው ያለቀሰችው፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ ደረቷን እየመታች። ዊስቲን እጁን በሱሪው ጠረገና ጥንቸሏን በሁለት እጁ ሽርጧ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አለና እሱም አለቀሰ። እኔም ከወዲህ ማዶ፣ በታጠበው የገበታ ልብስ ፊቴን ሸፍኜ።

ምሳው ዘገየ። ሁለት ጥንቸል ለመንገዱ ሁሉ ምን ይበቃል? ለእኔ የደረሰኝ አጥንት ነው፤ አልተከፋሁም። ቼንሳ ራሷ ጠግባ በላች፤ ከዚያ በኋላ ጥንቸል መብላት ተወች ብሎ የሚያስብ ካለ አያውቃትም። ኒኮልም ሳህኑን ይዞ መጣ፤ ከሁሉ መጨረሻ ነው የሰጠችው፣ ግን ሰጠችው።

ዛሬ ያ ጣሪያ የእንግዶች ማረፊያ ሆኗል፤ ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች ይጋደሙበታል። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ግን እኔ የማየው እነሱን አይደለም። በዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው ዊስቲን ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ድርቆሽ ተሸክሞ ይመጣ ነበር። ቆቡን ያወልቅና ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ይላል።

«ሊያንድሩ፣ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?»

ቼንሳም ከኋላው፣ ልብስ እያጣጠፈች፣ በጥንቸሏ ፈንታ ትመልስለታለች።

«ደህና ነኝ ይልሃል። ባለፈው ለምን ዘገየህ ይልሃል።»