የጎማ ዳዶና የአዴ ከዲጃ ቡና

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ጅማ

ከዩኒቨርሲቲያችን ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የወጣሁት አጎቴን ላግዝ ነበር። ጋሼ ታደሰ በጭነት ፒክአፑ ከጌራ እሸት ቡና እየጫነ አጋሮ አጠገብ ወዳለ ማጠቢያ ጣቢያ ያደርሳል። ረዳቱ ስለታመመበት፣ “አንተ የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ ና እስኪ” አለኝ። አጎቴ ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኛል። የዚህ ጉዞ ጥፋት ግማሹ የመጣው ከዚሁ ነው።

መንገድ ላይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከፊቴ ካለው ኪስ አወጣሁ። ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም ነበር። ጎማውን የሚይዙት ዳዶዎች በምን ያህል ኃይል መጥበቅ እንዳለባቸው በቁጥር ተጽፏል፤ ሁለት መቶ ኒውተን ሜትር እንኳን አይሞላም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አጋሮ

የአንዱ የኋላ ጎማ ነፋስ ስለጎደለ ጎሚስታ ጋ ቆምን። እኔ ሳምቡሳዬን ስጨርስ ጎሚስታው ለጥፎ መልሶ ገጥሞታል። ከዚያ መፍቻው ጫፍ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የውሃ ቧንቧ ሰክቶ፣ ወጥቶ ቆመበትና ዘለለ። ዳዶው ሲጢጥ አለ። በዚህ አገር ሰው ያልቆመበት ዳዶ እንደጠበቀ አይቆጠርም።

“ጨምርበት! ቁርስ አልበላህም እንዴ?” አለ ጋሼ ታደሰ።

“ጋሼ፣ ይሄን ከአሁን በኋላ የሚፈታው ፈጣሪ ብቻ ነው!” አለ ጎሚስታው። ተሳሳቁ።

በሐሳቤ አሰላሁት። ስድሳ ኪሎ ሰው በአንድ ሜትር ተኩል ቧንቧ ላይ ቢቆም ዘጠኝ መቶ ኒውተን ሜትር ግድም ይመጣል፤ ዝላዩ ሳይቆጠር። አፌን ልከፍት ስል አጎቴ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ “አየህ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው” አለኝ።

“አዎ ጋሼ” አልኩ።

አምስት ሰዓት፣ ጌራ

ቀዩን የአፈር መንገድ ጨርሰን ስንደርስ የቡናው ባለቤት አዴ ከዲጃ ዘጠኝ ጆንያ እሸት ቡና አሰልፈው ይጠብቁናል። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው።

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ አድርገህ ጫነው” አሉኝ። “ትናንት ከሰዓት የተለቀመ ነው። ዛሬ ካልተፈለፈለ ይሞቃል፤ ከሞቀ አለቀለት። ዘንድሮ የቤቴን ሣር አንስቼ ቆርቆሮ የማለብሰው በዚህ ነው፣ ኢንሻአላህ።”

አብረውን ተሳፈሩ።

ሰባት ሰዓት፣ አጋሮ ሳንደርስ

ያው ጎማ ስለታም ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፈነዳ። ተቀያሪ ጎማ አለን፤ ሥራው የሩብ ሰዓት ነው። ዳዶዎቹ ግን አልፈታ አሉ። በመፍቻው ብንል፣ አጎቴ ከመኪናው የማይለየውን ቧንቧ ሰክተን ሁለታችንም ብንንጠለጠል፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንዱ እየጮኸ ተፈታ። ሁለተኛው ከነብሎኑ ተበጠሰ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ፀሐይዋ ጆንያዎቹ ላይ ነበረች። አዴ ከዲጃ የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ያለብሷቸዋል፤ እጃቸውን እየሰደዱ ሙቀቱን ይለካሉ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ባያግዘን ኖሮ እዚያው እናድር ነበር። ተቀያሪው ጎማ በተረፉት አራት ብሎኖች ሲገጠም አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው።

ጋሼ ታደሰ ቧንቧውን እንደገና ሰካ። “ጎሚስታው ጠዋት በደንብ ስላላጠበቀው እኮ ነው የተበጠሰው!”

ደሜ ፈላ። “ጋሼ፣ ስለላላ አይደለም! ከልክ በላይ ሲጠብቅ ብሎኑ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ብሎን ይበጠሳል። ይኸው እዚህ ተጽፏል!”

“መጽሐፍህ ዘጠኝ ጆንያ ጭኖ ከጌራ ወጥቶ ያውቃል?”

አዴ ከዲጃ ቅጠሉን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። “ኢልማ ኮ፣ ይሄን መቼ አነበብከው?”

“ጠዋት።”

“እነሱ ሳያጠብቁት በፊት?”

“አዎ።”

“ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?”

መጽሐፉን አጥፌ ወደ መኪናው ኪስ መለስኩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማጠቢያ ጣቢያው

ተቀባዩ ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ከተተና አሸተተ። “ሞቋል። ኮምጥጧል። አዴ፣ ይሄን አልቀበልም፤ ወስደው ከነቅርፊቱ ያድርቁትና፣ ዋጋው ቢያንስም፣ ጀንፈል ብለው ይሽጡት።”

“አልሃምዱሊላህ” አሉና ጆንያቸው ላይ ቁጭ አሉ። አጎቴ መንገዱን ሲራገም ሰማሁት። መንገዱን!

እሑድ ከሰዓት፣ ጊንጆ ጉዱሩ፣ ጅማ

የአጎቴ ግቢ ውስጥ መካኒኩ የተበጠሱትን ብሎኖች ቀይሮ ሲጨርስ ጋሼ ታደሰ ቧንቧውን ይዞ መጣ። ከእጁ ቀማሁት።

“ልትመታኝ ነው?”

“አይደለም። ግን አልሰጥህም።”

በሕይወቴ እምቢ ስለው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። መካኒኩ ኃይሉን የሚለካ መፍቻ ስላለው ተውሼ፣ የብሎኖቹን ጥርስ ከጭቃ ጠርጌ፣ ዳዶዎቹን በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። መፍቻው ልኩ መድረሱን ለማሳወቅ ቀጭ ሲል አቆምኩ።

“በቃ? አላላበህም እኮ!” አለ አጎቴ።

“በቃ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ደግሞ ፈትሸው።”

እያጉረመረመ ገባ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የዳዶን ልክ አይደለም፤ እሱን ጠዋት መኪናው ውስጥ አንብቤዋለሁ። የተማርኩት ያወቅሁትን በሰዓቱ ካልተናገርኩ አለማወቅ እንደሚሻለኝ ነው። ቧንቧው አሁን የማደሪያ ክፍሌ አልጋ ሥር ነው። አጎቴ “መልስልኝ” እያለ ይልክብኛል። የአዴ ከዲጃ ቤት ግን ዘንድሮም ሣር ነው።