ለሲሬዎች ያነበብኩት ደንብ

ወንድሜ ከሞተ አራት ወር ሆነው። ስለ እሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻለሁ። ስለ ኳሱ ሳልናገር ስለ እሱ መጻፍ እንደማልችል አሁን ገብቶኛል። ስለዚህ ከደንቡ እጀምራለሁ።

በእኛ አገር የሁለት ከተማ ቡድኖች ሲገናኙ፣ ከጨዋታው በፊት አምበሎቹ፣ ዳኛውና ጥቂት ሽማግሌዎች ሜዳው ዳር ተቀምጠው በደንቡ ይስማማሉ። የተስማሙበት ይጸናል፤ በኋላ መጨቃጨቅ ነውር ነው። የጎረቤት ከተማ ልጆች ሲሬዎች እኛ ከተማ ነቀምቴ መጥተው በገጠሙን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ አዲስ ደንብ መጥቶ ነበር። ድሮ ተጫዋች ከተጎዳ ቡድኑ ሰው እንደጎደለው ይጨርሳል። አዲሱ ወረቀት ግን የተጎዳውን በሌላ መተካት ይፈቅዳል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ሁልጊዜ የሚያነብልን መምህር ከከተማ ወጥቶ ስለነበር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረስኩት እኔ አንብቤ በአማርኛም በኦሮምኛም እንዳስረዳ ተጠራሁ።

ሲሬዎች በጭነት መኪና አሥራ ስድስት ሆነው መጥተዋል። እኛ አሥራ አንድ ነበርን፤ እኔም ተጫዋች ከተባልኩ አሥራ ሁለት።

ከሲሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ «ተጎዳ የሚባለው የቱ ነው? የደከመው ሁሉ ተጎዳሁ ካለስ?» ብለው ጠየቁ።

«የእናንተ ልጆች እንደሆነ ሳይነኳቸውም ይወድቃሉ» አለ ወንድሜ። አምበላችን እሱ ነበር። ሽማግሌውም ሳቁ።

ወረቀቱ የሚለው ዳኛው ካመነበት ይተካል ብቻ ነው። እኔ ግን ዳር የቆሙትን የሲሬ አምስት ትኩስ ተጫዋቾች አየሁና «በእግሩ መቆም ያልቻለ ነው ይላል» አልኩ። ማንም አልተጠራጠረኝም። ዳኛችን የፖሊስ አሥር አለቃ ነበር፤ «ግልጽ ነው» ብሎ ተነሳ።

ከእረፍት በፊት ወንድሜና የሲሬ አጥቂ ለአንድ ኳስ ዘለሉ። የአጥቂው ጉልበት ወንድሜን ግራ ጎኑ ላይ መታው። ወደቀ። ቆይቶ ተነሳና ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልውጣ እንዴ? ውስጤን አሞኛል።»

የሲሬው አምበል ተከትሎት መጥቶ ነበር። «አቦ፣ ይውጣ እንጂ። ሰው ተኩ፣ እኛ አንከራከርም» አለ።

አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። እሱ ከወጣ የምገባው እኔ ነኝ። የቆመ ሰው ከተተካ ደግሞ ሲሬዎችም እንደ ልባቸው ሊቀይሩ ነው። ይህን ሁሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ።

«ቆመሃል እኮ» አልኩት። «ደንቡ አይፈቅድም።»

«እንግዲህ ደንብ ነው» አለና ጎኑን ይዞ ተመለሰ።

አሸነፍን። ልጆቹ በትከሻቸው ሊሸከሙት ሲሉ እምቢ አለ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ ማክሰኞ ሞተ። ሐኪሙ ጣፊያው ተቀዶ ውስጥ ውስጡን ሲደማ እንደነበር ነገረን። ያኔውኑ ቢወጣ ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ማን ያውቃል» አለኝ። «መሮጥ ግን አልነበረበትም።»

ለለቅሶ ሲሬዎች በዚያው መኪና መጡ። አጥቂው እናታችን እግር ላይ ወድቆ «የገደልኩት እኔ ነኝ» እያለ አልነሳ አለ። ሰዎች ሲያነሱት እኔም አንድ ክንዱን ይዤ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የሲሬ ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። ልጁ ጉማ ልክፈል ብሏል፤ ሰው የገደለ የሚከፍለውን የደም ካሣ ማለት ነው። አባት የለውም። ያለውን አንድ በሬ ሊነዳ ነው። እናታችን መልስ ከመስጠቷ በፊት እኔ ተናገርኩ። ወረቀቱ ምን እንደሚል፣ እኔ ምን ብዬ እንዳነበብኩ፣ ለምን እንዳደረግሁትም። በኦሮምኛ ነው የነገርኳት፤ እሷ አማርኛ ብዙ አትሰማም።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እናቴ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም፣ አዮ። አምኖኝ ነው የተመለሰው።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «በሬው ይቅር። ልጁን ግን አምጡልኝ፣ ቤቴ ገብቶ እህል ይቅመስ» አለች።

አሁንም ምግቤን እንደ ወትሮው ታቀርብልኛለች፤ ስበላ ግን አጠገቤ አትቀመጥም።