ያላለቀስኩት የሙሽርነት ለቅሶ

የሕይወቴን ታሪክ መጻፍ ስጀምር፣ የሠርጌን ቀን ለቅሶ ያህል አጥርቼ የማስታውሰው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከከሚሴ ወደ ባሌ ቤተሰቦች አገር ወደ ጨፋ ሮቢት ስሄድ፣ በዓይነ ርግብ ተሸፍኜ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀስኩ ጻፍኩ። አሳምሬ ነው የጻፍኩት፤ ሳነበው ለራሴው አዘንኩ።

ባለፈው ዒድ እናቴ ቤት ተሰብስበን፣ ከምሳ በኋላ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባሌ አቀርቅሮ ይሰማል። ያን ቀን መኪና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ ግን አፏን በሻርፗ ይዛ ትንከተከታለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ያ ረቢ! አንቺ መቼ አለቀስሽ? ስትስቂ አልነበር እንዴ!»

«እኔ?»

«ሚኒባሱ ጭቃ የያዘው ጊዜ ነዋ! ሙሽራው ‹እኔ እያለሁ› ብሎ ሊገፋ ወረደ። ጎማው ሲሽከረከር ያን ነጭ ሱፉን፣ ጺሙን፣ ሁሉን ጭቃ ለሰነው። አንቺ ሳቅሽን ማቆም ሲያቅትሽ ቆንጥጬ ‹ሙሽራ አይስቅም፣ አቀርቅሪ!› አልኩሽ። ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ ያዩት የባልሽ ዘመዶች ‹ምስኪን፣ እናቷ ናፍቃት ነው› ብለው አለቀሱልሽ።»

«ዱጋ!» አለች እናቴ በኦሮምኛ፤ «እውነቷን ነው። እኔም ሰምቼ ስስቅ ነው የሰነበትኩት።»

ያኔ ሁሉም መጣልኝ። ሚኒባሱን ሊጎትቱ የተጠመዱት በሬዎች፣ እያሞካሸ የሚነዳቸው ገበሬ፣ አንዱን ጫማውን ጭቃ ውጦበት በአንድ እግሩ የሚዘለው ሙሽራ! ለካ ስንት ዓመት ሙሉ የማስታውሰው እኔ የኖርኩትን ሳይሆን፣ ትከሻዬን ያዩ ሰዎች ደጋግመው የነገሩኝን ኖሯል። ሳቄ ፈነዳ። አክስቴ ላይ ተደገፍኩ፤ እሷም እናቴ ላይ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ባሌ እጁን አንስቶ። «እኔ ያን ለቅሶ አይቼ አይደል እንዴ ‹ይህቺን ልጅ ዕድሜ ልኬን አላስለቅሳትም› ብዬ ለአላህ ቃል የገባሁት?»

ይህን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ሳቄ መሀል ላይ ቀጥ አለ። እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ለራሴም አልለይ ብሎኝ፣

«ታዲያ ቃሉ ፈረሰ?» አልኩት።

እሱ አፉን ሳይከፍት እናቴ ቀደመችው። «ወላሂ አይፈርስም! አላህ ሰምቶታል።»

ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ እሱም መሳቅ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ታሪኩን እንደ አዲስ ልጽፍ ቁጭ አልኩ። «ጭቃ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን እንደገና ሳቄ አመለጠኝ፤ ከጓዳ አክስቴ በሳቅ ተቀበለችኝ።