ባለ ሰጎኑ ብስኩትና ፍየላችን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሸሕዲ ስትመጣ አንድ እሽግ የቫኒላ ዌፈር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባለ ሰጎኑ ነው፤ ያው ቢጫው። «አብሮኝ የሚያስተምር ልጅ ነው የሰጠኝ። ብዪ እንጂ እማዬ» አለችኝ። እጄን አልሰደድሁም። መጀመሪያ እሽጉን ገልብጬ ጫፉን አየሁ፤ ተከፍቶ የተለጠፈ እንደሆነስ? ልጄ ሳቀችብኝ። ትሳቅ! ምን አይታ!

ያኔ እኔ ልጃገረድ ሳለሁ እናቴ ኮኪት ላይ ዳስ ጥላ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ለሚመጡት ሳሉጎች ምግብ ትሸጥ ነበር። ሙላት የሚባል የትራክተር ሹፌር ረቡዕ ረቡዕ ከመተማ ናፍጣ ጭኖ ሲመለስ እኛ ዘንድ ይቆማል። ባለ ሰጎኑ ብስኩት ያን ጊዜ ከድንበር ማዶ ነበር የሚመጣው፤ ልብስ መካከል ያኖሩት እንደሆነ ልብሱ ሁሉ ቫኒላ ይሸታል። አንድ ቀን ደብቆ አንድ እሽግ ሰጠኝ፤ እኔም ደብቄ በላሁት። ከዚያ ወዲያ የትራክተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድው ድው ይል ጀመር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ግን በግልጽ አመጣው፤ ለእናቴ፣ በሁለት እጁ።

እናቴ ሳትነካው «ቅመስልኝ» አለችው። በእኛ አገር ሰጪ ቀምሶ ነው የሚሰጥ።

«እማማ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ። ወተት አለበት ይላሉ። ለነገ ያስቀምጡት» አላት።

«ወይ ጉድ! የበረሃ ሹፌር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጾም?»

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጎጃሜ ነው፤ ደብተራ ዘመድ አያጣም። መስተፋቅር ነው ልጄ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» እሽጉን ቀደደችና ለፍየላችን ሰጠቻት። ፍየሏ ከነወረቀቱ ጠረገችው።

በሳምንቱ ሙላት ሲመጣ ፍየሏ ገመዷን በጥሳ ሮጠች። ልብሱን አሸተተች፣ ኪሱን ነከሰች፤ ሲሄድም እየጮኸች ትራክተሩን እስከ እርሻው ዳር ተከተለችው።

«አየሽ! ፍየልን እንዲህ ያደረገ ሰውን ምን ያደርገው ይሆን?» አለች እናቴ።

እኔም መብላቴን አልነገርኋትም። ውኃ ስቀዳም እንጨት ስለቅምም የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የምወደው እኔ ነኝ ወይስ ብስኩቱ? ሳየው ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ «ይኸው፣ ሠራብኝ!» እላለሁ። አጨዳው እያለቀ ነው፤ ካለቀ እሱም አገሩ ይገባል። እኔ ግን እየሸሸሁት ነበር።

አንድ ቀን ከውኃ ጉድጓዱ አጠገብ አገኘኝና «ምን አደረግሁሽ?» አለኝ። «ለምን አልቀመስህም?» አልሁት። ቅዳሜ ሥራውን ትቶ መጣ። ዳሱ መካከል፣ ሳሉጎቹ ፊት ተቀምጦ አዲስ እሽግ ከፈተና አንድ በአንድ ይበላ ጀመር። እናቴ አፉን አፉን ታያለች። ጨርሶ ጺሙን ጠረገ።

«እንግዲህ እማማ፣ መስተፋቅር ከሆነ ከራሴ ፍቅር ይዞኛል። ማን ያስጥለኛል?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ለእኛ ሳታስቀር?» አለችው። እኔም ስስቅ፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ለቀቀኝ።

ተጋባን። ሙላት ከዚያ ወዲያ ዌፈርም ይሁን ሙዝ ሳይገምጥ ሰጥቶኝ አያውቅም። «ቀምሼልሻለሁ፣ አትፍሪ» ይለኝ ነበር፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔ እቆጣለሁ። ካረፈ ሁለት ፋሲካ አለፈ።

ልጄ እሽጉን ከፈተችልኝ። ሽታው ያው ነው። አንዱን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ለካ እኔ እሱን ነው የምጠብቀው።

«ልጁን እሁድ ይዘሽው ነይ» አልኋት። «በጾም ቀን እንዳታመጪው። እዚህ፣ አባትሽ ቦታ ላይ ይቀመጥና ይቅመስልኝ።»