ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ድረስ

መካኒኩ ውብሸት ሰው ፊት ቆሞ መዋሸት አይችልበትም። ዕድሜውን ሙሉ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ጀርባ መኪና ስር ተኝቶ የኖረ ሰው ነው፤ ፊቱ የሆዱን ሁሉ ይዘከዝካል። ያን አርብ ጠዋት ከሚኒባሱ ስር ገብቶ አልወጣ ያለውም ለዚሁ ነው። ባለመኪናው ኢምራን አባቱ እንደሞቱ አያውቅም። ውብሸት ግን ያውቃል።

የደወለችለት የኢምራን እህት መሊካ ናት፣ ከቡታጅራ፣ ገና ሱቆች ሳይከፈቱ። "ጋሼ ውብሸት፣ አባዬ ሌሊት አረፈ። ቀብሩ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው። እንዳይነግሩት፣ አደራ! መንገድ ላይ ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆን። እዚህ እኛ መሀል ይስማው። ትንሽ አሞታል ብለው ይላኩልን።"

ወጉም ይኸው ነው፤ መርዶ መንገደኛ ላይ አይወረወርም። ውብሸት እሺ አለ። ምን ይበል? ልጁን ከቡታጅራ አምጥተው "እንደ ልጅህ እየው" ብለው ያስረከቡት ሟቹ ሐጂ ኢስሐቅ ራሳቸው ናቸው።

ኢምራን ሲመጣ "አባትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሊያዩህ ፈልገዋል። አሁኑኑ አውቶብስ ተሳፈርና ሂድ" አለው።

"አውቶብስ? የታመመ አባቴን በአውቶብስ ላመጣው ነው እንዴ ጋሼ? በራሴ መኪና አምጥቼ እዚህ ሐኪም ቤት አስገባዋለሁ። እርስዎ ፍሪሲዮኑን ብቻ ይጨርሱልኝ።"

ይኸውላችሁ እንግዲህ! አሟል ካሉ ማሳከም ይከተላል፤ ውብሸት ይህን አላሰበውም ነበር። ከመኪናው ስር ገባ። ሥራው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፣ ለቀብሩ ይደርሳል አለ በልቡ።

የሚኒባሱ ፍሪሲዮን በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ላይኛው ፓምፕ ዘይቱን ወደ ታችኛው ፓምፕ ይገፋል፣ ታችኛው ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል፣ ማርሽ ይገባል። ውብሸት ሁለቱንም ፓምፖች ትናንት በአዲስ ቀይሯቸዋል። ማርሹ ግን ዛሬም አልገባም ብሎ ይጮኻል። "አየር ነው" አለ ለራሱ። አዲስ ፓምፕ ሲገጠም አየር ይዞ ይቀራል፤ ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም።

"ርገጥ!" አለው መሪው ላይ የተቀመጠውን ኢምራንን።

"ረገጥኩ!"

"ያዝ!" የታችኛውን ፓምፕ ማስተንፈሻ ቡሎን ላላ አደረገው፤ አየሩ ከዘይት ጋር ተፍ ተፍ እያለ ወጣ። አጠበቀው። "ልቀቅ!"

ኢምራን ከላይ ሆኖ ወሬውን ይቀዳል። "አባዬ እኮ እስካሁን ይቺን መኪና አላያትም። ዛሬ ጋቢና አስቀምጬ ሰፈሩን አዞረዋለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ይየው!"

ጥቂት እንደደጋገሙ አየሩ አለቀና ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ወረደ። ፔዳሉ ግን ያው ልፍስፍስ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ውብሸት እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል። ዛሬ ግን ስልኩ ኪሱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ፋታ ይነሳዋል። መሊካ ናት፤ "ተነሳ ወይ?" ትላለች። እናም ያንኑ አየር ፍለጋ ደገመ፣ ሠለሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

"ጋሼ፣ እግሬ ዛለ እኮ!"

"ርገጥ ብያለሁ!" ብሎ አምባረቀበት። በሐዘንተኛ ላይ! ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ኢምራን እያጉረመረመ ረገጠ። ውብሸት የሚደገፈው ሲፈልግ እጁ ፓምፖቹን የሚያገናኘውን የጎማ ቱቦ ጨብጦ ነበር። ቱቦው መዳፉ ውስጥ እንደ ፊኛ ተነፋ። ፓምፖቹ ምን አጠፉ! አየሩስ ምን አጠፋ! ግፊቱን ሁሉ የምትበላው ይቺ ያረጀች ጎማ ናት። ትናንት መቀየር ነበረባት። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እንደሆነ ሞልታለች፣ ሮጦ ገዝቶ መመለስ ነው።

ይህን ሲያስብ የአንዋር መስጊድ አዛን ተሰማ። የጁምዓ አዛን። የመለዋወጫ ሱቆቹ መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ ካለበት ይሰማዋል። ቡታጅራም ላይ ይኼኔ ሰው ወደ መስጊድ እየገባ ነው። ከዚህ በኋላ ፍሪሲዮኑ ያዘ አልያዘ፣ ምን ሊረባ!

እየተንፏቀቀ ወጣ። ኢምራን ከኋላ ያሉትን ወንበሮች አጥፎ የስፖንጅ ፍራሽ ያነጥፋል። "ወገቡን ስለሚያመው ተኝቶ ይምጣ ብዬ ነው" አለ፣ ትራሱን እያስተካከለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሙስሊም ቀብር ግን አያድርም። ውብሸት በዘይት የተለወሰ እጁን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው።

"ተወው ልጄ" አለ። "ፍራሹን ተወው። አባትህ አርፈዋል።"

ኢምራን ትራሱን እንዳቀፈ ቀረ። "መቼ?"

"ሌሊት።"

"እርስዎስ መቼ ሰሙ?"

"ጠዋት። አንተ ሳትመጣ።"

"እና እስካሁን ፔዳል ያስረግጡኛል?"

አደራ ነው ቢል፣ ወግ ነው ቢል፣ ማን ሊሰማው!

ኢምራን ስልኩን አወጣና ለእህቱ ደወለ። "ሰምቻለሁ" አላት። መሊካ ከወዲያ "የት ደረስክ? ሰውን ለምነን እያስጠበቅንልህ ነው እኮ!" ስትል ድምጿ ለውብሸትም ተሰማው።

"መርካቶ ነኝ" አለ ኢምራን። ትራሱን ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። "አታቆዩት፣ መሊካ። ያለእኔ ቅበሩት።"