ባንዲራዬና የውሃ ተራዬ

ዛሬ የባንዲራ ቀን አይደል? መርሳ ከተማ ሰልፍ ወጥቼ፣ ባንዲራዬን እንደለበስኩ ወደ መንደሬ ወደ ግራና ስመለስ ጎረቤቴ ሁሴን የመስኖው ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ አገኘሁት።

«አንተ ሰው፣ አገር የለህም? አገሬው ሁሉ ሲወጣ አንተ እዚህ ጭቃ ታቦካለህ?» አልኩት። እንደምታውቁኝ ያሰብኩትን አላስቀርም።

ቀና ብሎ ሳቀብኝ። «አባ ይመር፣ ቦዩ ተደርምሶ ውሃው ወደ መንገድ ሲፈስ ነው የደረስኩት። የዛሬው የውሃ ተራ እኮ የአንቱ ነው፤ ዛሬ ካልጠጣ ሽንኩርትዎ አለቀለት።»

ለካ ለአገሬ ስጮህ የራሴን ተራ ረስቼው ነበር!

ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል ባንዲራውን የማስቀምጥበት አጣሁ። ሁሴን እጁን ሁለቴ ታጥቦ ተቀበለኝና በወግ አጥፎ ቦዩ ዳር ባስቀመጠው ጋቢው ላይ አኖረልኝ። ከዚያ ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ገባ።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አገር በመውደድ ግን የሚቀድመኝ የለም ስል ኖሬያለሁ። አሁን ግራ ገብቶኛል። ዛሬ አገሩን የወደደው እሱ ነው እንዳልል ኩራቴ እምቢ አለኝ፤ እኔ ነኝ እንዳልል ሽንኩርቱ ይታዘበኛል።

እናንተስ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ ታነብልኛለች።